ከሰፌድ እስከ ኪፓ፦ በሹራብ ሥራ ቀለበት የመጨመር ብልሃት

ሹራብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚለምደው ቀጥ ብሎ መሄድን ነው። ረድፉን ይጨርሳል፣ ይገለብጣል፣ ይመለሳል፤ ሻርፕ እንዲህ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ሻርፑ አልቆ የልጅ እጅጌ፣ ቆብ ወይም ኪፓ ሲታሰብ ነው። እጅጌ ከእጅ አንጓ ጠቦ ይጀምርና ወደ ክንድ እየሰፋ ይሄዳል። ኪፓ ደግሞ ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ ራስ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይሰፋል። ለዚህ በየመሀሉ ቀለበት መጨመር ያስፈልጋል። ቀለበት ማለት እዚህ በመርፌው ላይ የምትቀመጠው እያንዳንዷ የክር ዓይን ናት። የት፣ ስንትና እንዴት እንደምትጨመር ካልታወቀ ሥራው ወይ ይኮማተራል፣ ወይ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል።

በእስራኤል በየሞዓዶኑ የእጅ ሥራ ሲቀርብ ገሸሽ የሚሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ፊደል ስላልቆጠሩ፣ የሹራቡ መመሪያም በዕብራይስጥ ስለተጻፈ ሥራው የሚሆንላቸው አይመስላቸውም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መመሪያው በቁጥር የሚያስተምረውን አብዛኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ያውቁታል።

ወስፌ የያዘ እጅ የሚያውቀው

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ያደገች የቤተ እስራኤል ልጅ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ፣ አክርማና ስንደዶ እያራሰች፣ በወስፌ እየወጋች ስፌት ተምራለች። ሰፌድ የሚጀምረው መሀል ላይ ካለች ትንሽ ጥምዝ ነው። ከዚያ ጥቅሉ እየዞረ፣ አዲሱ ዙር ካለፈው ዙር ጋር እየተያያዘ ይሰፋል።

የውጪው ዙር ሁልጊዜ ከውስጠኛው ይረዝማል። በውስጠኛው ዙር 20 ቦታ ተወግቶ እንደሆነ፣ በውጪውም 20 ብቻ ቢወጋ ስፌቱ ይራራቃል፣ ሰፌዱም ይላላል። ባለሙያዋ ታዲያ ክፍተት ስታይ በሁለት ስፌቶች መካከል ሌላ ታስገባለች። ይህን ስታደርግ ጮክ ብላ አትቆጥርም፤ ዓይኗ ክፍተቱን ያያል፣ እጇ ይሞላዋል። ቀለም ያለው ጌጥ ሲገባበት ግን ትቆጥራለች። ካልቆጠረች ጌጡ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምም፣ ሙያዋም ይታማል።

መሶብ ሲሆን ደግሞ አካሄዱ ይለወጣል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከተፈለገ ጥቅሉ ካለፈው ዙር ጎን መሆኑ ይቀርና ከላዩ ይቀመጣል። ዙሩ ስለማይረዝም አዲስ ስፌት መጨመርም ይቆማል። እንግዲህ መጨመር ሲቀጥል ሥራው ይዘረጋል፤ መጨመር ሲቆም ሥራው ወደ ላይ ይነሣል። ሰፌድና መሶብ የሠራ እጅ የኪፓንም ምስጢር ያውቃል ማለት ነው።

ስድስት ቁጥር ከየት መጣ?

በዕብራይስጥ ስሪጋ የሚለው ቃል በሁለት መርፌ የሚሠራውንም፣ ጫፉ በታጠፈ አንድ መርፌ የሚሠራውንም ይጠቀልላል። ኪፓ ስሩጋ የሚባለው ኪፓ ግን የሚሠራው በአንዱ መርፌ ነው። ይህ በአማርኛ የኪሮሽ ወይም የዳንቴል ሥራ የሚባለው ነው። ለጀማሪ የመጨመርን ሕግ በግልጽ የሚያሳየውም እሱ ነው።

በኪሮሽ የሚሠራው አጭሩ ቀለበት ቁመቱና ስፋቱ ተቀራራቢ ነው። ክብ ነገር በየዙሩ በአንድ ቀለበት ቁመት ወደ ውጪ ሲሄድ፣ ዙሪያው ከ6 ቀለበት ትንሽ በለጥ ብሎ ይረዝማል። ለዚህ ነው ክቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲተኛ በየዙሩ 6 የሚጨመረው። መጀመሪያ 6 ቀለበት ይሠራል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ሁለት ሁለት ተሠርቶ 12 ይሆናል። በሦስተኛው አንዱን ነጠላ፣ ቀጣዩን እጥፍ እያደረጉ 18 ይደርሳል። በአራተኛው ሁለት ነጠላ፣ አንድ እጥፍ፤ 24። እንዲህ እያለ በአሥረኛው ዙር 60 ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚጨመረው ቀለበት በየዙሩ ልክ ካለፈው ጭማሪ በላይ ከተደረደረ ክቡ ክብነቱን ይተውና ስድስት ማዕዘን ያወጣል። ማዕዘን የማይፈልግ ሰው የሚጨምርበትን ቦታ በየዙሩ ፈንጠር ያደርጋል።

ኪፓ ሲሠራ መሀሉ በዚህ መንገድ ይዘረጋል። የራሱን አናት ከሸፈነ በኋላ ጭማሪው ይቀነሳል፤ አንድ ዙር ይጨመራል፣ አንድ ዙር ሳይጨመር ይታለፋል። ያኔ ጠርዙ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይጎብጣል። በመጨረሻ ጭራሽ ሳይጨመር ጥቂት ዙር ይሠራና ጌጡ ይገባል። ልኩን ለማወቅ ከቁጥር ይልቅ ኪፓውን የሚያደርገው ልጅ ራስ ላይ እያስቀመጡ ማየት ይሻላል።

ሥራውን አይቶ ስህተቱን ማወቅም ቀላል ነው። ክቡ እንደ ጽዋ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ጭማሪው አንሷል። ጠርዙ ከተጨማደደ በዝቷል። የመብዛቱን ነገር በጥናት የወሰዱትም አሉ። ላትቪያ ተወላጇ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ሆን ብለው ጭማሪውን እያበዙ በኪሮሽ የተጨማደደ ገጽ ሠሩ። ተማሪዎቻቸው በሥዕል ለማየት የሚያስቸግረውን የጂኦሜትሪ ዓይነት በእጃቸው እንዲዳስሱት ብለው ነው። ለኪፓ ሠሪ ጥፋት የሆነው ለእሳቸው ትምህርት ሆነ።

በደቡብ ቴል አቪቭም ከኤርትራና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ የስደተኛ ሴቶች ኅብረት የሆነው ኩቺናቴ በወፍራም ክር ቅርጫት በኪሮሽ ይሠራል። ቅርጹ ከአገር ቤቱ የሣር ቅርጫት ጋር ይዛመዳል፤ የተለወጠው ዕቃው ነው። ታቹ በጭማሪ ይዘረጋል፣ ግድግዳው ጭማሪው ሲቆም ይነሣል።

በሁለት መርፌ፦ አምስት መንገዶች

በሁለት መርፌ በሚሠራ ሹራብ ቀለበት መጨመር ከአንድ በላይ መንገድ አለው። ልዩነታቸው ሲያልቅ በሚታየው መልክ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ከአንዱ ቀለበት ሁለት ማውጣት ነው። መርፌውን በቀለበቱ ፊት በኩል አስገብተው እንደ ወትሮው ክሩን ይሳቡ፤ አሮጌውን ቀለበት ግን ከግራ መርፌ አያውርዱት። ያንኑ ቀለበት በጀርባው በኩል ደግመው ይሥሩትና አሁን ያውርዱት። ለመማር ቀላል ነው፣ ቀዳዳም አይተውም። ነገር ግን በፊት በኩል ትንሽ አግድም ሰረዝ ይተዋል። ስለዚህ ጎርበጥ ባለ ሥራ ላይ ወይም እጅጌው ከጠርዙ በሚነሣበት ቦታ ላይ ይስማማል።

ሁለተኛው ክሩን በመርፌው ላይ ጣል ማድረግ ነው። በሁለት ቀለበቶች መካከል ክሩን ወደ ፊት አምጥተው በቀኝ መርፌ ላይ ያዙሩትና ቀጣዩን ይሥሩ። በሚቀጥለው ረድፍ ያ የተጣለ ክር እንደ ሌላው ቀለበት ይሠራል። ይህ ሆን ተብሎ ቀዳዳ ይተዋል። ለሕፃን ብርድ ልብስና ለጌጥ ሻል ተፈላጊ ነው። የቁልፍ ቀዳዳም በዚሁ ይሠራል፤ ክሩ ከተጣለ በኋላ ሁለት ቀለበት ባንድ ላይ ስለሚሠራ ቁጥሩ አይለወጥም።

ሦስተኛው በሁለት ቀለበቶች መካከል ያለችውን ድልድይ ማንሣት ነው። መርፌዎቹን ትንሽ ሲያራርቁ በመካከላቸው የተወጠረች ክር ትታያለች። እሷን በግራ መርፌ ከፊት ወደ ኋላ አንሥተው በጀርባዋ በኩል ከሠሯት አዲሱ ቀለበት ወደ ግራ ያዘነብላል። ከኋላ ወደ ፊት አንሥተው በፊቷ በኩል ከሠሯት ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቁም ነገሩ ድልድይዋ መጠምዘዟ ነው፤ ሳትጠመዘዝ ከተሠራች ቀዳዳ ትሆናለች። የእጅጌ ሁለት ጎን፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ እንደ መስተዋት ይመሳሰላል።

አራተኛው ከታችኛው ረድፍ መዋስ ነው። በግራ መርፌ ላይ ያለውን ቀለበት ከመሥራትዎ በፊት፣ ከሥሩ ያለውን የባለፈውን ረድፍ ቀለበት በቀኝ መርፌ ይሥሩት፤ ከዚያ የላዩን ይሥሩ። ከሁሉም በላይ የማይታየው ጭማሪ ይህ ነው። በየረድፉ ከተደጋገመ ግን ሥራውን ይወጥረዋል፤ በመካከል ሳይጨመርባቸው የሚታለፉ ረድፎች ያስፈልጉታል።

አምስተኛው በጠርዝ ላይ ብዙ ቀለበት ባንድ ጊዜ ለመጨመር ነው። ክሩን በአውራ ጣት ላይ ጠምዝዘው ጥምዙን በመርፌው ላይ ያኖራሉ፤ የሚፈለገው ቁጥር እስኪሞላ ይደጋግማሉ። በብብት ሥር ስፋት ሲፈለግ ወይም በጓንት ላይ የአውራ ጣት ቦታ ሲሠራ ይጠቅማል። አጥብቆ መሳብ አይገባም፤ በሚቀጥለው ረድፍ መርፌ አላስገባ ይላል።

የልጅ እጅጌ በቁጥር

በመጀመሪያ በዚያው ክርና በዚያው መርፌ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ናሙና ይሠራል። በአግድም 20 ቀለበት፣ በቁመት 28 ረድፍ ወጣ እንበል። ከእጅ አንጓው በላይ 18 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው እጅጌ 36 ቀለበት ይፈልጋል። ክንዱ ላይ 28 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ 56 ቀለበት መድረስ አለበት። ልዩነቱ 20 ነው።

በአንድ ረድፍ ላይ አንድ ቀለበት በግራ፣ አንድ በቀኝ ስለሚጨመር፣ 20ው በ10 ረድፎች ላይ ያልቃል። ከጠርዙ በኋላ ያለው የእጅጌ ርዝመት 60 ረድፍ፣ ማለትም 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ 60 ለ10 ተካፍሎ በየስድስተኛው ረድፍ ይጨመራል። ሁሉንም ባንድ ቦታ የጨመረ ሰው እጅጌው እንደ ፊኛ ይነፋበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እዚህ ይሠራል። የሚጨመረውም ከመጨረሻው ጠርዝ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ቀለበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ያኔ እጅጌው ሲገጣጠም መስመሩ ይስተካከላል።

ከአንገት ወደ ታች የሚሠራ ሹራብም አለ። አራት መስመር ከአንገት ተነሥቶ በትከሻ በኩል ይወርዳል። በእያንዳንዱ መስመር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይጨመራል፤ በየሁለተኛው ዙር 8 ማለት ነው። ለልጅ ልጅ የሚሠራ ሰው ይህን ይወደዋል፤ ሥራው ሳያልቅ ልጁን አልብሶ ልኩን ማየት ይቻላልና።

በየዙሩ መቁጠር የማይፈልግ ሌላ መንገድ አለው። በእንግሊዝ ተወልደው በአሜሪካ የኖሩት የሹራብ መምህርት ኤልዛቤት ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ ክብ ሻል የሚሠራበትን ዘዴ አስተማሩ። የክብ ስፋት እጥፍ ሲሆን ዙሪያውም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 9 ቀለበት ተጀምሮ ባንድ ዙር 18 ይደረጋል፣ 3 ዙር ሳይጨመር ይሠራል። ከዚያ 36 ተደርጎ 6 ዙር፣ 72 ተደርጎ 12 ዙር፣ 144 ተደርጎ 24 ዙር ይታለፋል። ከጭማሪ ወደ ጭማሪ ያለው ጉዞ ረጅም ስለሆነ እጅ እየሠራ አፍ ቡና ላይ መጫወት ይችላል።

ሳይታወቅ የሚገባ ቀለበት

ጀማሪው 30 ቀለበት ጀምሮ ከጥቂት ረድፍ በኋላ 34 ሲያገኝ ይደነግጣል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛ፣ ረድፉ ሲጀመር ክሩ ወደ ኋላ አጥብቆ ስለተሳበ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት እግር አውጥቶ ሁለት ይመስላል፤ ሁለቱም ይሠራሉ። መፍትሔው ክሩን ከመርፌው በታች ወደ ፊት አውርዶ ማየት ነው። ሁለተኛ፣ ክሩ በመካከል ሳይታሰብ በመርፌው ላይ ተጥሎ ይቀራል፤ ይህ ቀዳዳው ያጋልጠዋል። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ አያያዙ ከተስተካከለ ቁጥሩም ይስተካከላል። በየረድፉ መጨረሻ መቁጠር ጊዜ የሚያባክን ቢመስልም 10 ረድፍ ከመተርተር ይሻላል።

ዓይንና ጣት ለደከመባቸው

ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ይደክማል፣ ጣት ይደርቃል። ጥቁር ክር ቀለበቱን ይደብቃል፤ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቀለምና ወፍራም ክር ሥራውን ያሳያል። የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ እንደ ብረቱ አያንሸራትትም፣ በብርድም አይቀዘቅዝም። የሚጨመርበት ቦታ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ክር ቁራጭ ማሰር ዓይንን ያሳርፋል። ቁጥር መጻፍ የማይሆንለት ሰው በእያንዳንዱ የጭማሪ ረድፍ አንድ ባቄላ ከአንዱ ጽዋ ወደ ሌላው ያዘዋውር፤ እጅጌው 10 ጭማሪ ካለው 10 ባቄላ ይበቃል። ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ጽዋው እንዳለ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ሰንበት ሲወጣ ሥራው ከየት እንደቆመ ባቄላው ይናገራል።

ክር ሲገዙ ደግሞ የተጻፈበትን ወረቀት ልጅ ቢያነብላቸው መልካም ነው። ሱፍና የተልባ እግር ክር በአንድ ልብስ እንዳይቀላቀል ኦሪት በዘሌዋውያን 19፡19 እና በዘዳግም 22፡11 ይከለክላል። በወረቀቱ ላይ ጼመር የሚለው ሱፍን፣ ፒሽታን የሚለው የተልባ እግር ክርን ያመለክታል፤ ሁለቱ በአንድነት የተጻፉበትን ክር መተው ነው።

ለልጅ ልጅ የሚቀረው

ሰፌድ መስፋት በአዲሱ አገር ሙያ ተብሎ በቅጽ ላይ አይሞላም። ትምህርት ቤት ያልገባች እናት ብዙ ነገር እንደማታውቅ ሲነገራት ኖራ፣ በመጨረሻ ራሷም ታምነዋለች። የልጅ ልጆቿ በዕብራይስጥ ያወራሉ፤ አማርኛው ሰላምታ ላይ ያልቅባቸዋል። በመካከል ያለው ዝምታ እያደር ይከብዳል። በቤት ውስጥ ያለው ሰፌድም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል እንጂ እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቅ ልጅ ይጠፋል።

የእጅ ሥራ ብዙ ቋንቋ አይፈልግም። ልጅቷ የእንግሊዝኛ መመሪያ ከኢንተርኔት ታነባለች፣ አያቷ ደግሞ ክቡ ለምን እንደተጨማደደ ገና ከሩቅ አይታ ታውቃለች። አንዷ ቁጥሩን ይዛለች፣ ሌላዋ ዓይኑን ይዛለች። ልጁ ባር ሚጽቫው ሲደርስ የሚያደርገው ኪፓ ከሱቅ ቢገዛም ያው ኪፓ ነው። አያቱ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቀለበቱን የቆጠረበት ኪፓ ግን አያቱ ምን እንደምታውቅ አሳይቶታል። አባቶችም ከዚህ አይወጡም፤ ሸማኔ የነበረ አባት የክርን ውጥረት በጣቱ የሚለካ ነው፣ የላላውንና የጠበቀውን ለልጅ ማሳየት ይችላል።

ለመጀመር ወፍራም ነጭ ክር፣ አንድ ኪሮሽና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስድስት ቀለበት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ ስምንት። ከዚያ ክቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ነው። ከተኛ ይቀጥላል፣ ከታጠፈ ይጨመርበታል፣ ከተጨማደደ አንድ ዙር ተተርትሮ እንደገና ይሠራል።